ኮክሊያር ኢምፕላንት ከተተከለ በኋላ አሮጌው የመስሚያ መሣሪያ ለምን አይጣልም?

ለዓመታት በሁለቱም ጆሮዎቹ የመስማት አጋዥ መሣሪያ ሲያደርግ የኖረ ሰው በአንደኛው ጆሮው በቀዶ ሕክምና ኮክሊያር ኢምፕላንት ሲተከልለት፣ ቤት ውስጥ አንድ ትንሽ ጥያቄ ይነሣል። በሌላኛው ጆሮ ላይ የነበረው አሮጌው መሣሪያ ምን ይደረግ? ብዙውን ጊዜ መልሱ ሳይነገር ይሰጣል። መሣሪያው በጨርቅ ተጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ይገባል፤ ባትሪው ሲያልቅም የሚያስታውሰው አይኖርም። ትልቁ ሕክምና ከተደረገ ትንሹ ምን ይሠራል የሚል አስተሳሰብ ነው። ነገር ግን ሁለቱ መሣሪያዎች እንደ ታላቅና ታናሽ የሚታዩ አይደሉም፤ የሚሠሩት ሥራ የተለያየ ነው። አንዱ በቀኝ፣ ሌላው በግራ ጆሮ ሆነው አብረው ሲሠሩ ደግሞ ለብዙ ሰዎች አንዳቸው ብቻቸውን የማይሰጡትን ይሰጣሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ ባወጣው የመስማት ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ ከ1 ነጥብ 5 ቢሊዮን በላይ ሰዎች በተለያየ ደረጃ የመስማት ችግር አለባቸው። ከእነዚህ ውስጥ 430 ሚሊዮን የሚሆኑት የሕክምናና የተሐድሶ አገልግሎት ያስፈልጋቸዋል። ኢምፕላንት የሚያስፈልገው ከነዚህ መካከል ጉዳቱ ለከፋባቸው ብቻ ነው። በኢትዮጵያ ኢምፕላንት የተተከለላቸው ሰዎች ከፍላጎቱ ጋር ሲነጻጸሩ እጅግ ጥቂት ናቸው፤ ዋጋው በሺዎች በሚቆጠር የውጭ ምንዛሪ የሚተመን በመሆኑ ቤተሰብ ተሰብስቦ፣ ዘመድ አዋጥቶ፣ አንዳንዱም ወደ ውጭ ሀገር ተጉዞ የሚያገኘው ሕክምና ነው። እንዲህ ተደክሞበት ከተገኘ መሣሪያ ሙሉ ጥቅሙን ለማግኘት፣ በሌላው ጆሮ ላይ ያለው ተራ መሣሪያ ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ተገቢ ነው።

ድምፅ በአየር ውስጥ የሚጓዝ ንዝረት ነው። ወደ ጆሮ ቀዳዳ ገብቶ የጆሮ ታምቡርን ይመታል፤ ታምቡሩ ከበስተኋላው ያሉትን ሦስት ጥቃቅን አጥንቶች ያንቀሳቅሳል፤ አጥንቶቹም ንዝረቱን በውስጠኛው ጆሮ ወደሚገኘው፣ በፈሳሽ ወደ ተሞላውና እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ወደ ተጠማዘዘው አካል ያደርሱታል። ኮክሊያ የሚባለው ይህ ነው። መጠኑ ከባቄላ ፍሬ አይበልጥም፤ በውስጡ ግን ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ፀጉር መሰል ሕዋሳት ተደርድረዋል። እነዚህ ሕዋሳት ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ቀይረው በመስማት ነርቭ በኩል ወደ አንጎል ይልካሉ።

ድርድሩ ሥርዓት አለው። በኮክሊያው መግቢያ ያሉት ሕዋሳት ቀጭኑን ድምፅ ይቀበላሉ፤ የወፍ ጩኸት፣ የፉጨት፣ የ«ስ» እና የ«ፍ» ድምፅ በዚያ ነው የሚገባው። በጥምዝማዙ ጫፍ ያሉት ደግሞ ወፍራሙን ድምፅ ይይዛሉ፤ የከበሮ ምት፣ የበሬ እምቧታ፣ የአዋቂ ወንድ ድምፅ መሠረት በዚያ ይስተናገዳል። በሰው ልጅ ጆሮ ውስጥ እነዚህ ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ ተመልሰው አያድጉም። በብዙ ሰው ላይ ቀድመው የሚጎዱት በመግቢያው ያሉት ናቸው። አረጋውያን «ድምፁ ይሰማኛል፤ ቃሉ ግን አይለይልኝም» የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው። ወፍራሙ ድምፅ አሁንም ይደርሳቸዋል፤ ቃልን ከቃል የሚለየው ቀጭኑ ግን ጠፍቷል።

የመስማት አጋዥ መሣሪያ ሥራው ድምፅን ማጉላት ነው። በማይክሮፎኑ የተቀበለውን ድምፅ እንደ ጆሮው የጉዳት ልክ አጉልቶ በጆሮ ቀዳዳ በኩል ይልካል፤ ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ የተለመደው የተፈጥሮ መንገድ ነው። ስለዚህ ድምፁን የሚቀበል ሕዋስ በውስጥ መኖር አለበት። ሕዋሱ ከሞተበት ቦታ ላይ ድምፅን ማጉላት ባዶ ቤት በር ላይ ደጋግሞ እንደ ማንኳኳት ነው፤ ጩኸት ይጨምራል እንጂ የሚመልስ የለም።

ኮክሊያር ኢምፕላንት ይህን በር አልፎ ይሄዳል። ሁለት ክፍል አለው። በውጭ፣ ከጆሮ ጀርባ የሚንጠለጠል የድምፅ ማቀነባበሪያ አለ፤ ማይክሮፎንና ባትሪ የያዘ ነው። ከእርሱ የሚወጣ ሽቦ በማግኔት ከራስ ቆዳ ላይ ከሚጣበቅ ክብ ማስተላለፊያ ጋር ይገናኛል። በውስጥ ደግሞ ከቆዳው ሥር በቀዶ ሕክምና የተቀበረ ተቀባይ አለ፤ ከዚህ ተቀባይ የሚነሣ ቀጭን ገመድ ኮክሊያው ውስጥ ይገባል። በገመዱ ላይ እንደ አምራቹ ከ12 እስከ 22 የሚደርሱ ኤሌክትሮዶች ተደርድረዋል። እነርሱም የሞቱትን ሕዋሳት ሥራ ተክተው የመስማት ነርቩን በቀጥታ በኤሌክትሪክ ይቀሰቅሱታል።

ይህ ታላቅ ነገር ነው፤ ምንም የማይሰማ ሰው ንግግር እንዲሰማ አድርጓል። ቁጥሩን ልብ ማለት ግን ይጠቅማል። በተፈጥሮ 15 ሺህ የሚጠጉ ሕዋሳት ይሠሩት የነበረውን ሥራ ቢበዛ ከሁለት ደርዘን የማይበልጡ ኤሌክትሮዶች ይሠሩታል። በዚያ ላይ ኤሌክትሪኩ በኮክሊያው ፈሳሽ ውስጥ ይሰራጫል። አትክልት በመስኖ የሚያለማ ገበሬ ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። በአንዱ ቦይ የለቀቁት ውሃ ሞልቶ ወደ ጎረቤቱ መደብ ሲገባ የትኛው መደብ እንደ ጠጣ መለየት ያስቸግራል። አንዱ ኤሌክትሮድ ሲሠራም የጎረቤቱ ነርቭ አብሮ ይነሣል። በዚህም የተነሣ ኢምፕላንት የንግግርን ቃላት፣ የድምፅን መጀመርና ማቆም፣ ምትን በሚገባ ያስተላልፋል፤ የድምፅን ውፍረትና ቅጥነት በረቂቁ መለየት ላይ ግን ደካማ ነው።

በሌላኛው ጆሮ ላይ ያለው ተራ መሣሪያ የሚያስፈልገው በዚህ ቦታ ነው። ኢምፕላንት ከሚተከልላቸው ሰዎች መካከል ብዙዎቹ ባልተተከለበት ጆሮ ጥቂት የተረፈ መስማት አላቸው፤ የተረፈውም አብዛኛውን ጊዜ ወፍራሙ ድምፅ ነው። ብቻውን ሲሆን ንግግር ለመረዳት አይበቃም፤ ጆሮው «የማይረባ» ተብሎ የሚተወውም ለዚህ ነው። ነገር ግን ኢምፕላንቱ የጎደለው በትክክል ይህ የማይረባ የተባለው ጆሮ ያለው ነገር ነው። ባለሙያዎች ሁለቱን አጣምሮ መስማትን ባይሞዳል ይሉታል፤ አንደኛው ጆሮ በኤሌክትሪክ፣ ሌላኛው በተፈጥሮ የድምፅ መንገድ የሚሰማበት ማለት ነው።

በአማርኛ ንግግር ላይ ይህ ምን እንደሚለውጥ ማየት ይቻላል። «ሰው መጣ» እና «ጨው መጣ» የሚለዩት በመጀመሪያው ፊደል ብቻ ነው፤ «ሰማ» እና «ሸማ»ም እንዲሁ። እነዚህን ድምፆች የሚለየው ከፍ ባለው፣ በቀጭኑ ክፍል ያለው ልዩነት በመሆኑ ይህን የሚያመጣው በዋናነት ኢምፕላንቱ ነው። ወፍራሙን ብቻ በሚሰማ ጆሮ ላይ ያለ አጋዥ መሣሪያ የቱንም ያህል ቢጎላ ሰውን ከጨው አይለይም። በአንጻሩ «እማማ መጡ» ተብሎ ሲነገርና «እማማ መጡ?» ተብሎ ሲጠየቅ በቃላቱ መካከል የአንዲት ፊደል ልዩነት የለም፤ ጥያቄ መሆኑን የሚያሳውቀው መጨረሻ ላይ የሚነሣው ድምፅ ነው። «ጎበዝ!» የሚለው ቃል ምስጋናም ተግሣጽም የሚሆነው በድምፁ አወጣጥ ነው። በስልክ የደወለው ወንድም ይሁን እኅት፣ የጠራው አባት ይሁን ልጅ የሚታወቀው በድምፁ ውፍረት ነው። ኢምፕላንት ብቻ ያደረገ ሰው ቃሉን ሰምቶ የተናጋሪውን ስሜት ሊስት ይችላል፤ ተቆጥቶ ይሁን እየቀለደ ያልለየለት ሰው ደግሞ በጨዋታ መካከል ዝም ማለትን ይመርጣል። በሌላው ጆሮ የሚገባው ወፍራም ድምፅ የሚመልሰው ይህንን ነው።

በሙዚቃ ላይ ልዩነቱ ይበልጥ ይጎላል። ኢምፕላንት የከበሮን ምት፣ የእስክስታን አካሄድ በደህና ያሰማል። ትዝታን ከባቲ፣ አምባሰልን ከአንቺሆዬ የሚለየው ግን በድምፆች መካከል ያለው ርቀት ነው፤ ማሲንቆም ሆነ ክራር ቅኝቱ የሚታወቀው በዚሁ ነው። ኢምፕላንት ብቻ የሚያደርጉ ብዙ ሰዎች ዜማን መለየት ይቸግራቸዋል፤ ዘፈን ሲሰሙ የግጥሙን ምት ይዘው ዜማው ይጠፋባቸዋል። በሌላው ጆሮ የተረፈ መስማትና በአግባቡ የተስተካከለ አጋዥ መሣሪያ ያላቸው ደግሞ ሙዚቃ «ሞላ አለልን» ሲሉ ይሰማል። ቀድሞ መስማት የነበረውና ዜማን የሚያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ነገር እንዳልሆነ ይረዳል።

ሁለተኛው ጥቅም የሚመጣው ከድምፁ ዓይነት ይልቅ ከጆሮዎቹ ቁጥር ነው። አንጎል ድምፅ ከየት እንደ መጣ የሚያውቀው በሁለቱ ጆሮዎች መካከል ያለውን ልዩነት በማነጻጸር ነው። በቀኝ በኩል የመጣ ድምፅ ግራ ጆሮ የሚደርሰው ቢበዛ ከአንድ ሺኛ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ዘግይቶ ነው፤ ራስም በመካከል ስለሚጋርድ ድምፁ ደክሞ ይደርሳል። በአንድ ጆሮ ብቻ የሚሰማ ሰው ይህ ማነጻጸሪያ የለውም። መንገድ ሲሻገር የባጃጁን ጡሩንባ ይሰማል፤ ከየት በኩል እንደ መጣ ግን ዞሮ ማየት አለበት። ከብት የሚጠብቅ ልጅ ጥሪውን ሰምቶ ከየትኛው ሸንተረር እንደሆነ አያውቅም። ኢምፕላንትና አጋዥ መሣሪያን አጣምሮ መጠቀም ይህን አቅጣጫ የመለየት ችሎታ ሙሉ በሙሉ ባይመልስም ለብዙዎች ያሻሽለዋል። በገበያ፣ በሠርግ ድንኳን፣ በዕድር ስብሰባ ላይ፣ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ በሚናገርበት ቦታም የአንዱን ሰው ንግግር ለይቶ መከታተል በሁለት ጆሮ ይቀላል። በዚህ ረገድ በተለያዩ ሀገራት የተደረጉ ጥናቶች በአመዛኙ የሚስማሙት፣ በጫጫታ ውስጥ ንግግርን በመረዳት ሁለቱን አብረው የሚጠቀሙት ሰዎች ኢምፕላንት ብቻ ከሚጠቀሙት በአማካይ የተሻሉ መሆናቸውን ነው።

ይህ ጥምረት ለምን ቀድሞ አልታሰበም ለሚለው መልሱ በኢምፕላንቱ ታሪክ ውስጥ አለ። የመስማት ነርቭን በኤሌክትሪክ የመቀስቀስ ሙከራ በ1957 እ.ኤ.አ በፓሪስ ተጀመረ። ብዙ ኤሌክትሮድ ያለው ዘመናዊው መሣሪያ ግን በ1970ዎቹ መጨረሻ በሁለት ከተሞች ማለት ይቻላል በአንድ ወቅት ደረሰ፤ በቪየና ኢንጌቦርግ ሆክማየር እና ኤርቪን ሆክማየር፣ በአውስትራሊያዋ ሜልቦርን ደግሞ ፕሮፌሰር ግሬም ክላርክ ሠሩት። ክላርክ አባታቸው መስማት ይቸግራቸው የነበሩ ፋርማሲስት ነበሩ፤ ደንበኞች በሚስጥር ሊነግሯቸው የሚፈልጉትን ጮኸው እንዲናገሩ ሲጠይቁ ልጅየው እያየ አድጓል። ክላርክ የተቸገሩበት ነገር የኤሌክትሮዱን ገመድ ጥምዝማዙ ውስጥ በበቂ ጥልቀት ማስገባት ነበር። በ1977 ከቤተሰባቸው ጋር በባሕር ዳርቻ ሳሉ ባዶ የባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊት አነሡና የሣር ቅጠል ወደ ውስጡ መግፋት ጀመሩ። ጫፉ ለስላሳ፣ ወደ ሥሩ እየጠነከረ የሚሄደው ሣር ጥምዝማዙን ተከትሎ ገባ። ገመዱንም በዚያው መልክ አሠሩት። ነሐሴ 1 ቀን 1978 እ.ኤ.አ በመኪና አደጋ መስማት ላጣው ሮድ ሳውንደርስ ተከሉለት። ክላርክ እና ኢንጌቦርግ ሆክማየር ከአሜሪካዊው ብሌክ ዊልሰን ጋር በ2013 የላስከር ሽልማትን ተቀብለዋል።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ኢምፕላንት የሚተከለው በሁለቱም ጆሮ ምንም ለማይሰማ ሰው ብቻ ነበር። በሌላው ጆሮ የሚጎላ ነገር ስላልነበረ አጋዥ መሣሪያን ማጣመር ጥያቄ ሆኖ አልቀረበም። የመሣሪያው ውጤት እየተሻሻለ ሲመጣ ጥቂት የሚሰሙ ሰዎችም ተፈቀደላቸው፤ ከዚያ ወዲያ «የተረፈው ጆሮስ?» የሚለው ጥያቄ መጣ። በሜልቦርን በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሁለቱን መንገዶች በአንድ መሣሪያ አጣምሮ መሞከር ተጀመረ። በዚያው አሥርት ዓመት መጨረሻ በጀርመን ፍራንክፈርት ሁለቱን በአንድ ጆሮ ላይ ማድረግ ተሞክሯል። ዛሬ በብዙ ሀገር የተለመደ አሠራር ነው። በእንግሊዝ በ2009 የወጣው መመሪያ ለልጆች በሁለቱም ጆሮ እንዲተከል ሲፈቅድ ለአብዛኞቹ አዋቂዎች በአንድ ጆሮ ብቻ እንዲሆን በመወሰኑ፣ ሌላው ጆሮ የሚታገዘው በተራ መሣሪያ ነው።

ጥምረቱ ግን ሁለቱን መሣሪያዎች በማድረግ ብቻ አይመጣም። አጋዥ መሣሪያው ከቀዶ ሕክምናው በፊት የተስተካከለው ብቻውን እንዲሠራ ታስቦ ነው። አሁን ጓደኛ ስላገኘ እንደገና መስተካከል አለበት። አንዱ ከሌላው እጅግ ከጮኸ ደካማው ይዋጣል፤ አንጎልም የሚሰማው አንድ ጆሮ ብቻ ያለ ያህል ይሆናል። ባለሙያው ሁለቱንም አብሮ አስደርጎ የድምፃቸውን መጠን ያመዛዝናል። በአንዳንድ ሰው ላይ አጋዥ መሣሪያው ወፍራሙን ድምፅ ብቻ እንዲያጎላ ማድረግ ይሻላል፤ ቀጭኑን ለመቀበል የማይችል ጆሮ ላይ ቀጭኑን በግድ ማጉላት መንጫጫት ብቻ ያተርፋል። በዚህ ምክንያት ሁለቱን መሣሪያዎች የሚያስተካክለው ባለሙያ አንድ ቢሆን፣ ካልሆነም የአንዱ ወረቀት ለሌላው ቢደርሰው መልካም ነው። በተግባር ብዙ ጊዜ የሚሆነው ግን ኢምፕላንቱ በአንድ ከተማ፣ አጋዥ መሣሪያው በሌላ ከተማ ተስተካክሎ ሁለቱ ባለሙያዎች ሳይነጋገሩ መቅረታቸው ነው።

ሁለቱ የግድ ከአንድ አምራች መሆን የለባቸውም። ኮክሊያር የተባለው የአውስትራሊያ ኩባንያ ከሪሳውንድ ጋር፣ አድቫንስድ ባዮኒክስ ደግሞ ከፎናክ ጋር የሚናበቡ መሣሪያዎች ያቀርባሉ፤ ስልክ ሲደወል ድምፁ በሁለቱም በአንድ ጊዜ እንዲገባ ያስችላል። ይህ ምቾት ነው እንጂ መሠረቱ አይደለም። በደንብ የተስተካከለ የሌላ አምራች አሮጌ መሣሪያም ሥራውን ይሠራል።

ኢምፕላንቱ ከተተከለ በኋላ የሚከፈተው ቁስሉ ሲድን፣ በአብዛኛው ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በመጀመሪያው ቀን ብዙዎች የሚሰሙት ድምፅ ያስደነግጣቸዋል፤ ብረት ብረት የሚል፣ የሰው የማይመስል ነው። አንጎል አዲሱን ምልክት እስኪለምድ ወራት ይወስዳል። አንዳንዱ በዚህ ጊዜ የለመደው አጋዥ መሣሪያ ስለሚጣፍጠው ኢምፕላንቱን ይሸሻል፤ ሌላው ደግሞ ሁለቱ ድምፆች አልገጥም ብለውት አጋዥ መሣሪያውን አውልቆ ይጥላል። ሁለቱም ትዕግሥት ማጣት ነው። የሚመከረው በቀን ውስጥ ለተወሰነ ሰዓት አጋዥ መሣሪያውን አውልቆ በኢምፕላንቱ ብቻ መለማመድ፣ የቀረውን ሰዓት ደግሞ ሁለቱንም ማድረግ ነው። ማንበብ ለሚችል ሰው ጽሑፉን እየተከተሉ የሚነበብ መጽሐፍ መስማት ጥሩ ልምምድ ነው። ለማያነብ ሰው ከቤተሰብ አንዱ ፊቱን ሳያሳይ የቀናትን፣ የእህልን፣ የዘመድን ስም እየጠራ እንዲደግም ማድረግ ይበቃል።

አጋዥ መሣሪያው እየጠቀመ መሆን አለመሆኑ የሚታወቅበት መንገድ አለ። ባለሙያው ሰውየውን በኢምፕላንት ብቻ፣ በአጋዥ መሣሪያ ብቻ፣ ከዚያም በሁለቱ አብሮ ይፈትነዋል። በሁለቱ አብሮ የተገኘው ከኢምፕላንቱ ብቻ የተሻለ ከሆነ መሣሪያው ይቀጥላል። ለውጥ ባያመጣም እንኳ ብዙ ባለሙያዎች ወዲያው አያስወልቁትም፤ ለረጅም ጊዜ ድምፅ ያልደረሰው ጆሮ ንግግርን የመለየት ችሎታው እየደከመ ስለሚሄድ፣ ነገ ለሁለተኛ ኢምፕላንት ቢታሰብ ነርቩ ሥራ ፈትቶ ባይቆይ ይመረጣል። ሁለቱ አብረው ሲሆኑ ውጤቱ የሚቀንስበት ጥቂት ሰው ደግሞ አለ። በዚያ ጆሮ ያለው ድምፅ እጅግ የተዛባ ከሆነ ለኢምፕላንቱ እንቅፋት ይሆንበታል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው መሣሪያውን መተው ስሕተት አይደለም፤ አቅም ከፈቀደ ሁለተኛ ኢምፕላንት የሚታሰበውም ለእርሱ ነው። በግምት ወይም በብስጭት ሳይሆን በምርመራ ይወሰን ማለት ነው።

ለሕፃናት ጉዳዩ ጊዜ አይሰጥም። ዓለም አቀፍ ልምዱ ሕፃን በተወለደ በመጀመሪያው ወር እንዲመረመር፣ በሦስተኛው ወር ጉዳቱ እንዲረጋገጥ፣ በስድስተኛው ወር እርዳታ እንዲጀመርለት ይመክራል። ምርመራው በሌለበት አካባቢ ግን ችግሩ የሚታወቀው ልጁ መናገር ሲዘገይ ነው፤ «አፉ ዘገየ» ተብሎ ሲጠበቅ አንጎል ቋንቋን በቀላሉ የሚይዝበት ዕድሜ ያልፋል። ኢምፕላንት ተራ የሚጠበቅበት ወይም ገንዘብ የሚሰበሰብበት ጊዜም ባዶ መሆን የለበትም። በዚያ ወቅት በሁለቱም ጆሮ አጋዥ መሣሪያ ማድረግ፣ የምልክት ቋንቋም ማስጀመር ልጁን አይጎዳውም። የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ ልጅ ኢምፕላንት ቢተከልለትም መሣሪያውን ሲያወልቅ፣ ሲታጠብ፣ ባትሪው ሲያልቅ የሚነጋገርበት አለው።

ማጅራት ገትር የያዘው ሰው የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኢትዮጵያ በአፍሪካ የማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ከሚገኙት ሀገራት አንዷ ናት። በሽታው ሕይወትን ካተረፈ በኋላ መስማትን ሊነጥቅ፣ ኮክሊያውን ደግሞ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ወደ አጥንትነት ሊቀይረው ይችላል። አጥንት በሞላው ኮክሊያ ውስጥ የኤሌክትሮድ ገመድ ማስገባት ከባድ ነው። ስለዚህ ከማጅራት ገትር የዳነ ልጅ መስማቱ ሳይዘገይ መለካት አለበት። ኢምፕላንት የተተከለለት ሰው በበኩሉ ለዚሁ በሽታ የመጋለጥ ዕድሉ ከሌላው ከፍ ስለሚል የሳንባ ምች ባክቴሪያ መከላከያ ክትባት እንዲወስድ ይመከራል። ለማንኛውም ምርመራ ወደ ሆስፒታል ሲሄድም ማግኔት በራሱ ውስጥ እንዳለ፣ በተለይ ለኤምአርአይ ሲታዘዝ፣ አስቀድሞ መናገር ይኖርበታል።

በውጭ የሚኖሩ ልጆች ለወላጆቻቸው መሣሪያ የሚልኩበት ጊዜ እየበዛ ነው። በአሜሪካ ከጥቅምት 2022 እ.ኤ.አ ጀምሮ ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጡ አጋዥ መሣሪያዎች አሉ፤ የተፈቀዱት ግን መስማታቸው በመጠኑ ለቀነሰ አዋቂዎች ነው። ኢምፕላንት የሚያስፈልገው ሰው ሌላኛው ጆሮም አብዛኛውን ጊዜ ክፉኛ የተጎዳ በመሆኑ እነዚህ አይበቁትም፤ ጉልበት ያለው፣ በጆሮው ልክ ከተቀረጸ መሰኪያ ጋር የሚሠራ መሣሪያ ያስፈልገዋል። የሚያስገርመው እዚያው አሜሪካ ለአረጋውያን የሚያገለግለው መደበኛው ሜዲኬር የኢምፕላንትን ወጪ ሲሸፍን የተራውን አጋዥ መሣሪያ ዋጋ አለመሸፈኑ ነው። ብዙ ሺህ ዶላር የሚያወጣው ቀዶ ሕክምና ተከፍሎ፣ አጋሩ የሆነው ትንሹ መሣሪያ ከኪስ ይገዛል።

በውጭ ሀገር ኢምፕላንት ለማስተከል የሚሄድ ቤተሰብ ከመክፈሉ በፊት ሊጠይቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። ማስተካከያው በሀገር ውስጥ የሚሠራለት ባለሙያ አለ ወይ? የሚሰበረው ሽቦና ማስተላለፊያ ከየት ይገዛል? ሌላኛው ጆሮ ተለክቷል ወይ? አጋዥ መሣሪያውስ አብሮ ይስተካከላል? የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ጥያቄዎች ብዙ ጊዜ ይረሳሉ።

የተረፈው ጆሮ ሀብት መሆኑ ከታወቀ መጠበቅ አለበት። መግል የሚፈስ ጆሮ ውስጥ ዘይትም ሆነ የቅጠል ጭማቂ ማፍሰስ ጉዳቱን ያብሳል፤ ወደ አንገት በላይ ሐኪም መሄድ ነው መፍትሔው። የጆሮ ኩክ በክብሪት እንጨት ወይም በጥጥ በተጠቀለለ ስንጥር መጎርጎር ኩኩን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ የአጋዥ መሣሪያውን ድምፅ የሚዘጋው ብዙ ጊዜ ይኸው ኩክ ነው። እንደ ጄንታማይሲን ያሉ አንዳንድ የመርፌ መድኃኒቶች የውስጥ ጆሮን ሕዋሳት የመጉዳት ባሕርይ አላቸው። ሕይወት ለማዳን የሚታዘዙበት ጊዜ ስላለ እምቢ ማለት አይገባም፤ ሆኖም መስማት የተጎዳ ሰው ይህን ለሐኪሙ አስቀድሞ ቢናገር አማራጭ ሊፈለግለት ይችላል።

የየዕለቱ አያያዝ የሁለቱም መሣሪያዎች ዕድሜ ነው። ላብና እርጥበት ጠላታቸው ነው፤ በእርሻ ውሎ የገባ ሰው ማታ አውልቆ በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ፣ እርጥበት ከሚመጥ ከረጢት ጋር በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ቢያሳድራቸው ይበጃል። መሰኪያው ከመሣሪያው ተለይቶ ለብ ባለ ውሃ ይታጠባል፤ መሣሪያው ራሱ ውሃ አይነካውም። በቻርጅ የሚሠራ ማቀነባበሪያ ያለው ሰው መብራት በሚጠፋበት አካባቢ ከሆነ ተለዋጭ ባትሪ ይዞ ቢገኝ፣ ወይም በፀሐይ ኃይል የሚሞላ ፓወር ባንክ ቢኖረው ከሁለት ቀን ዝምታ ይድናል። ተጥሎ በሚተካው ክብ ባትሪ ላይ ያለው ተለጣፊ ወረቀት ደግሞ አስቀድሞ መነሣት የለበትም፤ ባትሪው አየር ካገኘበት ደቂቃ ጀምሮ መሣሪያው ውስጥ ባይገባም ኃይሉ ማለቅ ይጀምራል። ወረቀቱን ካነሡ በኋላ ጥቂት ደቂቃ አየር እንዲያገኝ ትቶ ከዚያ መክተት የአንዱን ባትሪ ዕድሜ ያራዝማል። ሣጥን ውስጥ ሲቀመጥ የከረመ አጋዥ መሣሪያ ያለው ሰውም በመጀመሪያ ሊያይ የሚገባው አሮጌው ባትሪ ውስጡ ቀርቶ ዝጎ እንደሆነ ነው።